የታየው ተኩላ ነው ወይ?

(በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ)



የዚህ ስብሰባ አስተባባሪዎች ሲጋብዙኝ የሰጡኝ አንድ ጥያቄ ነው። «በሰፈራችን ተኩላ ታየ ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ታክሲና ኡበር የሚነዳ፣ በሆቴል ወይም በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ የሚመለስ ብዙ ሰው አለ። ከተማው ተኝቶ ሳለ መንገዱን የሚያውቀው ይህ ሰው ነው። ውሻ የሚመስል፣ ሲያዩት ግን ውሻ ያልሆነ እንስሳ በመንገድ መብራት ሥር አቋርጦ፣ ቆም ብሎ መኪናውን ተመልክቶ፣ በሁለት ቤቶች መካከል ሲሰወር ያየ ሰው ቤቱ ገብቶ «ተኩላ አየሁ» ቢል አይፈረድበትም። እናት ደግሞ ይህን ሰምታ በማግስቱ ልጇን ከቤት ለማውጣት ብታመነታ አይፈረድባትም።

የዛሬው ዓላማዬ ያያችሁትን እንስሳ ራሳችሁ መለየት እንድትችሉ ማገዝ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ስለ መለየት በሰፊው እናገራለሁ። ከዚያ እንስሳው እንዴት እዚህ እንደደረሰና ከእኛ ጋር እንዴት እንደሚኖር አነሣለሁ። ቀጥዬ ወደ አደጋው እመጣለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። በመጨረሻም «ተኩላ አይደለም» ብሎ መቸኮል ራሱ ምን ጉዳት እንዳደረሰ በሁለት እውነተኛ ታሪኮች አሳያለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወራቱን ግን በእኛው እጠራቸዋለሁ።

መልሱን ደብቄ ላቆያችሁ አልፈልግም። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ሰፈሮች የሚታየው ይህ እንስሳ ካዮቲ ይባላል። የተኩላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ተኩላ ግን አይደለም። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመን ለዕውቀት ብቻ ብለን አይደለም። ልጆቻችንን እንዴት እንደምንጠብቅ፣ ለማን እንደምንደውል፣ ምን ያህል እንደምንሰጋ የሚወስነው እሱ ነው።

እንግዲህ ስለ መለየት። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስተን መጠኑ ነው። ሌሊት፣ በመኪና መብራት፣ ከሩቅ፣ ልባችን እየመታ የምናየው እንስሳ ሁሉ ከእውነተኛው ይተልቃል። በክረምቱ ብርድ ደግሞ የካዮቲ ጠጉር ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚያድግ ሰውነቱ ግማሽ ያህል የጨመረ ይመስላል። ጠጉሩ ቢገለጥ ግን ከሥሩ የሚገኘው ቀጭን እንስሳ ነው። በእኛ አካባቢ ያለው ካዮቲ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ቁመቱም ትከሻው ላይ ሲለካ ከሰው ጉልበት ጥቂት ቢያልፍ ነው። ግራጫው ተኩላ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ይደርሳል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። አጠገቡ የቆመ ሰው ቢኖር ትከሻው እስከ ጭኑ ይደርሳል። ስለዚህ ያያችሁትን እንስሳ ከምታውቁት ነገር ጋር አስተያዩት። ከቆመ መኪና ጎማ አንጻር ምን ያህል ነበር? ከቆሻሻ በርሜሉስ? ከአጥሩስ? ዓይን ብቻውን ይዋሻል፤ ከጎማ ጋር ሲተያይ ግን እውነቱን ያወጣል።

ከመጠን ቀጥሎ ፊቱን ተመልከቱ። የካዮቲ አፍ ሾጠጥ ያለ፣ ጠባብና ረዘም ያለ ነው፤ ጆሮዎቹ ከጭንቅላቱ ጋር ሲነጻጸሩ ትልልቅና ሹል ናቸው። የተኩላ ፊት ሰፊ ነው፤ አፉ ወፍራም፣ ጆሮው አጠር ብሎ ጫፉ ክብ ያለ፣ መዳፉም ትልቅ ነው። ጅራቱ ደግሞ ከውሻ ለመለየት ትልቅ ምልክት ነው። ካዮቲ ሲሮጥ ወፍራም ጅራቱን ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው። ውሻ ጅራቱን ያነሣል ወይም ይጠቀልላል። ሀስኪ የሚባለውን የበረዶ አገር ውሻ ወይም የጀርመን እረኛ ውሻን ከማሰሪያው አምልጦ ያየ ሰው ተኩላ ቢለው አይገርምም። አካሄዱ ግን ያጋልጠዋል። ውሻ ከቤቱ የተመገበ ነውና ወዲያና ወዲህ እያሸተተ፣ እየተመለሰ፣ ጉልበቱን እያባከነ ይሄዳል። የዱር እንስሳ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ቸኮለ ሰው በሶምሶማ ያልፋል። በበረዶ ላይ ዱካውን ብትከተሉ የኋላ እግሩን የፊተኛው በረገጠበት ላይ ስለሚያሳርፍ በአንድ መስመር የተሰፋ ይመስላል። ቀይ ጠጉር፣ ጥቁር እግሮችና ነጭ የጅራት ጫፍ ያለው ትንሽ እንስሳ ካያችሁ ደግሞ የዚህ አገር ቀይ ቀበሮ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ቢሆን ነው፤ በዚህ አካባቢም ብዙ አለ።

ስለ ድምፁም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በድምፁ ነውና። ሁለት ካዮቲዎች አብረው ሲያላዝኑ ድምፃቸውን በፍጥነት ይቀያይራሉ፤ ድምፁ ከግድግዳና ከዛፍ ጋር እየተጋጨ ሲመለስ የአሥር እንስሳ ጩኸት ይመስላል። «መንጋ ከቤታችን ጀርባ አለ» የሚል ሰው የሰማው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ባልና ሚስት ጥሪ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ አገራችን ዞር ልበል። እንስሳን በስሙ መለየት የሚከብደው ለእኛ ለተራ ተመልካቾች ብቻ እንዳልሆነ ማሳየት እፈልጋለሁ። በኢትዮጵያ ደጋ፣ ሲመሽ በማሳ ዳር የሚታይ፣ እረኛው ለበጉ የሚሰጋለት ግራጫማ እንስሳ አለ። የሳይንስ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን በእስያና በምሥራቅ አውሮፓ ከሚኖረው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ዘር ነው ሲሉ ኖረዋል። በ2011 ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች የዲኤንኤ ውጤት አወጡ፤ ከመካከላቸው አፈወርቅ በቀለና አናጋው አጢቀም ይገኙበታል። ውጤቱ ይህ የደጋ እንስሳ በዘሩ ወደ ተኩላ የሚቀርብ መሆኑን አሳየ። በ2015 የወጣው ሰፊ የዘር ጥናት ደግሞ የአፍሪካው እንስሳ ከእስያው ቀበሮ ከተለየ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆነው፣ የቅርብ ዘመዶቹም ግራጫው ተኩላና ይኸው ዛሬ የምናወራለት ካዮቲ እንደሆኑ አረጋገጠ። አሁን የአፍሪካ ተኩላ ይባላል። መልኩ ዓይንን አታልሎ፣ አንድ ተኩላ በተማሩ ሰዎች መጻሕፍት ውስጥ ቀበሮ ተብሎ ዘመን አሳልፏል። ይህ ሥራ የአገራችን ሊቃውንት ተሳትፈውበት የተገኘ በመሆኑ ሁልጊዜ በኩራት እጠቅሰዋለሁ፤ ልጆቻችሁም ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ተኩላው የት ሄደ? ካዮቲውስ ከየት መጣ?

አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ሲመጡ ተኩላ በዚህ ምሥራቃዊ ዳርቻም ነበር። ሰፋሪዎቹ ከብታቸውን ይዘው መጡ፤ ደኑን መነጠሩ፤ አጋዘኑን አድነው ጨረሱ። ተኩላን ለገደለ ሰው መንግሥት ገንዘብ ይከፍል ነበር። በወጥመድ፣ በጥይት፣ በመርዝ ሲያሳድዱት ኖረው ወደ 1960ዎቹ ግድም ከአላስካ በስተቀር በዚህ አገር የቀረው በሚኒሶታ ሰሜን ምሥራቅ ጫካና በአቅራቢያው ባለችው አይል ሮያል ደሴት ያለው ብቻ ሆነ ማለት ይቻላል። በ1973 የወጣው ሊጠፉ የተቃረቡ ፍጥረታትን የሚጠብቅ ሕግ ለተኩላ ከለላ ሆነለት። በ1995 እና በ1996 ደግሞ 31 ተኩላዎች ከካናዳ መጥተው በየሎስቶን ፓርክ ተለቀቁ። ዛሬ ተኩላ በምዕራብና በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ አለ። ለእኛ የሚቀርበው የዱር ተኩላ ግን በሰሜን ካሮላይና ባሕር ዳርቻ የሚገኘው ቀይ ተኩላ ነው። በ1980 ከዱር ጠፋ ተብሎ ታወጀ፤ በምርኮ ተራብቶ በ1987 እንደገና ተለቀቀ። ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በቅርብ ክትትል ነው የሚኖረው። ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥቶ የቆሻሻ በርሜል የሚያሸት ተኩላ የለም ብዬ በድፍረት የምናገረው ለዚህ ነው።

ካዮቲ በበኩሉ የምዕራቡ ሜዳና በረሃ እንስሳ ነበር። ተኩላ ባለበት አገር ካዮቲ አይደፍርም፤ ተኩላ ካገኘው ይገድለዋልና። ተኩላው ሲጠፋ በሩ ተከፈተለት። ደኑ ተመንጥሮ እርሻ መሆኑም ተስማማው። ከትውልድ ትውልድ ወደ ምሥራቅ ሲገፋ፣ በካናዳና በታላላቆቹ ሐይቆች በኩል ሲያልፍ ከቀሩት ጥቂት ተኩላዎች ጋር ተዳቀለ፤ ከውሻም ጋር ተዳቅሏል። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያሉ ካዮቲዎች ከዘራቸው 62 በመቶ ያህሉ የምዕራብ ካዮቲ፣ ሩብ የሚሆነው የተኩላ፣ የቀረው የውሻ መሆኑን አግኝቷል። ስለዚህ «ፊቱ ላይ ተኩላ አየሁበት» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትሳቁበት። የጠፋው ተኩላ ደም በዚህ እንስሳ ውስጥ በጥቂቱም ቢሆን አለ፤ ከምዕራቡ ዘመዱ ይልቅ ተለቅ ያለውም በከፊል ለዚህ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ካዮቲ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1972 ነው። በዋሽንግተን ከተማ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ የታየው ደግሞ በ2004 ነው። ሮክ ክሪክን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ሥጋ የምንጠብስበት፣ ልጆቻችን የሚሯሯጡበት ነው። በ1890 የተከለለ ደን ነው፤ ጅረቱ ከላይ ከሜሪላንድ ተነሥቶ ከተማውን ሰንጥቆ እስከ ፖቶማክ ይወርዳል። ለሰው መዝናኛ የሆነው ይህ አረንጓዴ መስመር ለዱር እንስሳ አውራ ጎዳና ነው። አጋዘን በእሱ ይመጣል፤ ካዮቲም በእሱ ይመጣል። በ16ኛው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው በሌሊት ካዮቲ ቢያይ እንስሳው ጠፍቶ የመጣ እንዳይመስለው። ምናልባት እዚያው አካባቢ ተወልዶ ያደገ ነው።

በከተማ እንዴት እንደሚኖር በጥልቀት ያጠኑት የቺካጎ ተመራማሪዎች ናቸው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ስታንሊ ጌርት የሚመራው ጥናት በ2000 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ቀጥሏል፤ ከአንድ ሺህ በላይ ካዮቲዎች ተይዘው ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ብዙዎቹም አንገታቸው ላይ ሬዲዮ ታስሮ ተለቅቀዋል። ከዚህ ጥናት የተገኘው ነገር ስለዚህ እንስሳ የነበረንን ግምት ቀይሮታል። ሰው ሁሉ እንስሳው ቆሻሻና ድመት እየበላ የሚኖር ይመስለው ነበር። ተመራማሪዎቹ 1,429 የዓይነ ምድር ናሙናዎች ሰብስበው መረመሩ። በ42 በመቶው ውስጥ አይጥና የአይጥ ዘመዶች፣ በ23 በመቶው ፍራፍሬ፣ በ22 በመቶው አጋዘን፣ በ18 በመቶው ጥንቸል ተገኘ። የሰው ቆሻሻ የተገኘው በ2 በመቶው ያህል ብቻ ነው፤ ድመት ደግሞ በ1.3 በመቶው። እንግዲህ ከጓሯችን የሚያልፈው እንስሳ በብዛት የሚፈልገው እኛም የማንወዳትን አይጥ ነው። የቤተሰቡም ነገር ልብ ይነካል። 236 የቺካጎ ካዮቲዎች በዲኤንኤ ሲመረመሩ ከጥንዱ ውጭ የተወለደ አንድም ግልገል አልተገኘም፤ ወንዱ ግልገሎቹን አብሮ ያሳድጋል።

በምዕራብ ቀን ቀን ሲያድን የሚታየው ይህ እንስሳ በከተማ ሌሊቱን መረጠ። ይህን ያደረገው ሰውን ለመሸሽ ነው። ብንሰጋው እሱም ይሰጋናል። አንዳንዴ ግን ይሳሳታል፤ በ2007 አንዱ በቺካጎ መሃል ከተማ በጠራራ ፀሐይ ሳንድዊች ቤት ገብቶ የመጠጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ማንንም አልነካም፤ ተይዞ ተለቀቀ። መቼ መቼ እንደሚታይ ለማወቅ ደግሞ ወራቱን ልብ በሉ። በጥርና በየካቲት የሚጣመሩበት ወቅት ስለሆነ ይንቀሳቀሳሉ፤ ድምፃቸውም ይሰማል። በሚያዝያ ግልገሎች ይወለዳሉ፤ ያኔ ወላጆቹ ጉድጓዳቸውን ይጠብቃሉ፤ ብዙ መብላት ስለሚያስፈልጋቸውም በቀን ሊታዩ ይችላሉ። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ያደጉት ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው አዲስ ሰፈር ፍለጋ ይወጣሉ፤ መንገድ ሲያቋርጡ የሚታዩትም በመኪና የሚሞቱትም ያን ጊዜ ይበዛሉ። ሌሊት የምትነዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ በእነዚያ ወራት በፓርክ ዳር ባሉ መንገዶች ላይ ፍጥነታችሁን ቀንሱ።

አሁን ወደ አደጋው። እናቶች የምትጠብቁት ይህ ክፍል ነውና ሳላሳንስም ሳላጋንንም እነግራችኋለሁ።

በአሜሪካና በካናዳ በካዮቲ ጥቃት ሰው መሞቱ በማስረጃ የተመዘገበው ሁለት ጊዜ ነው። በ1981 በካሊፎርኒያ ግሌንዴል የሦስት ዓመት ሕፃን ሞታለች፤ በ2009 በካናዳ ኬፕ ብሬተን ደጋ የእግር ጉዞ ላይ የነበረች የ19 ዓመት ወጣት ሞታለች። ሁለቱም ሞት ከባድ ሐዘን ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በኬፕ ብሬተን የነበሩት ካዮቲዎች የሚያድኗቸው ትናንሽ እንስሳት እንደ ልብ ስለማያገኙ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን እያደኑ የሚኖሩ መሆናቸውን ኋላ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ የከተማ ካዮቲ ሕይወት ግን እንዲህ አይደለም። ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት በሁለቱ አገሮች የተመዘገቡ 142 ጥቃቶች ሲመረመሩ ደግሞ ከአሥሩ በሦስቱ ያህል ሰው በአቅራቢያው አውቆም ይሁን ሳያውቅ እንስሳውን ይመግብ እንደነበር ታውቋል። በዚህ አገር ውሻ በየዓመቱ የሚነክሰው ሰው ወደ 4.5 ሚሊዮን እንደሚገመት፣ በየዓመቱም በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች በውሻ እንደሚሞቱ አስቡ። ልጃችሁ ሰው ቤት ስትሄድ ስለ ውሻው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ፍርሃትም አለ፤ ይህ ፍርሃት ከአገራችን ይዘነው የመጣን፣ መሠረት ያለው ፍርሃት ነው። በኢትዮጵያ ይህ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ በባሌ ያሉትን የአገራችንን ቀይ ቀበሮዎችም ከውሻ እየተላለፈ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል፤ በዓለም ላይ ወደ 500 ገደማ ብቻ የቀሩት እነዚያ እንስሳት ከኢትዮጵያ ውጭ መጠጊያ የላቸውም። አሜሪካ ግን ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈውን ዓይነት በ2007 ከአገሯ ማጥፋቷን አስታውቃለች። በዚህ አካባቢ በሽታው አሁን በብዛት የሚገኘው በራኩን፣ በሌሊት ወፍና በመሰሎቻቸው ላይ ነው። ካዮቲ በቀን ስለታየ ብቻ አብዷል ማለት አይደለም። የሚንገዳገድ፣ ያለ ምክንያት ወደ ሰው የሚመጣ እንስሳ ካያችሁ ግን ራቁና ለካውንቲው የእንስሳት ቁጥጥር ደውሉ። ማንኛውም የዱር እንስሳ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡት፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ከምልክቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል።

ከእንስሳው ጋር ፊት ለፊት ብትገናኙ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አትሩጡ። ትንሽ ልጅ ካለ አንሡት። እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሰውነታችሁን አግዝፉ፤ ጩኹ፤ አጨብጭቡ፤ በአማርኛም ቢሆን ይገባዋል። አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይሄዳል። ዓይናችሁን ሳትነቅሉ በቀስታ ወደ ኋላ ሂዱ። በሚያዝያና በግንቦት ጉድጓዱ አጠገብ ደርሳችሁ ከሆነ ግን ልታባርሩት አትሞክሩ፤ ግልገሎቹን እየጠበቀ ነውና እናንተው ቦታውን ልቀቁለት። ትንሽ ውሻ ያላችሁ ሌሊት ብቻውን ጓሮ አትልቀቁት፤ ድመትም ቤት ውስጥ ብታድር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የምግብ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ስለ እኛ ልማድ በግልጽ መናገር አለብኝ። እኛ ድግስ እንወዳለን። ክርስትናው፣ ዝክሩ፣ ለቅሶው፣ በዓሉ አለ፤ የሥጋ ትርፍራፊና አጥንት በከረጢት ሆኖ ማታ ደጅ ይወጣል፤ የቆሻሻ መኪናው ግን የሚመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በአገራችን አጥንት ለሰፈር ውሻ መወርወር ደግነት ነበር። በሐረር ጅብ በሰው እጅ ሲመገብ የኖረበት ልማድም አለ፤ ያ ግን በቦታው፣ በሰዓቱና በሚያውቁት ሰዎች የሚፈጸም የቆየ ሥርዓት ነው። እዚህ ለካዮቲ አጥንት የሚወረውር ሰው እንስሳውን ከሰው ፍርሃት ያላቅቀዋል፤ ፍርሃቱን ያጣ እንስሳ ደግሞ አንድ ቀን የጎረቤትን ልጅ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ የሚጠራው ተኳሽ ነው። የሥጋውን ትርፍራፊ እስከ ቆሻሻው ቀን ድረስ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፤ በርሜሉን ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉት፤ የውሻ ምግብ ውጭ አታሳድሩ። ይህን ያህል ብቻ ብናደርግ አብዛኛው ችግር ከሥሩ ይቀንሳል።

«ለምን ተገድሎ አያልቅም?» የሚል ጥያቄም ይቀርባል። ተሞክሯል። የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት የዱር እንስሳት ክፍል ብቻ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ካዮቲዎች ይገድላል፤ እንስሳው ግን ከሃዋይ በስተቀር በሁሉም ግዛት አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰውን የሚፈሩና ሰፈሩን የያዙ ጥንዶች ቢገደሉ ቦታ ሲፈልግ የነበረ ሌላ ወጣት ይገባል፤ ይህ አዲስ መጪ ደግሞ ሰፈሩን አያውቅም። በሥርዓት የሚኖር ጥንድ ጎረቤት ለእኛም የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ መጨረሻው ነገር ደረስኩ። እስካሁን የተናገርኩት «ተኩላ ነው» ብሎ መቸኮል ስለሚያመጣው ፍርሃት ነው። «ተኩላ ሊሆን አይችልም» ብሎ መቸኮልም ጉዳት አለው።

በ2014 መኸር ላይ በአሪዞና ግራንድ ካንየን ሰሜናዊ ጠርዝ አንድ ተኩላ የሚመስል እንስሳ ታየ። በዚያ አካባቢ ተኩላ ከታየ ወደ 70 ዓመት ሆኖት ነበር። ጥቂት ሰዎች ችላ ሳይሉ ፎቶ አንሥተው አሳወቁ፤ ባለሙያዎች ዓይነ ምድሯን አስመርምረው ከሰሜኑ ተራሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተጉዛ የመጣች እንስት ግራጫ ተኩላ መሆኗን አረጋገጡ። ልጆች ተወዳድረው ኤኮ የሚል ስም አወጡላት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዩታ ውስጥ አንድ አዳኝ ካዮቲ መስላው ተኩሶ ገደላት። ያንን ሁሉ መንገድ ብቻዋን የመጣች እንስሳ ነበረች። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ባወራሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ወደ እኛ ይቀርባል። በ2021 መጨረሻ በኒውዮርክ ግዛት፣ ኩፐርስታውን አጠገብ፣ አንድ አዳኝ ካዮቲ ነው ብሎ የገደለው እንስሳ ሲመዘን 38 ኪሎ ግድም ሆነ። መጀመሪያ የተደረገው ምርመራ ካዮቲ ነው አለ። ሰዎች ክብደቱን አይተው አልተዋጠላቸውም፤ እንደገና ይታይ አሉ፤ በሌሎች ቤተ ሙከራዎች በተደረገ ምርመራ ተኩላ መሆኑ ታወቀ፤ በ2022 ግዛቱም አመነ። ተኩላ ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍቶበት የነበረ አገር ነው። ከካናዳ በእግሩ መጥቶ እንደሆነ ይታሰባል። እንዲህ ያለ እንስሳ ወደ ደቡብ መግፋቱን ቢቀጥል መጀመሪያ የሚያየው ተመራማሪ አይሆንም፤ ሌሊት ከሥራ የሚመለስ ሰው ነው።

ስለዚህ እንግዳ እንስሳ ካያችሁ መኪናችሁን በደህና ቦታ አቁማችሁ፣ ከመኪናው ሳትወርዱ፣ ከተቻለ ፎቶ ወይም ቪዲዮ አንሡ፤ ለመጠኑ ማነጻጸሪያ እንዲሆን አጥር ወይም የቆመ መኪና አብሮ ይግባ። ሰዓቱን፣ የመንገዱን ስም፣ ወደ የት እንደሄደ፣ አንገቱ ላይ የታሰረ ነገር እንዳለና እንደሌለ ጻፉ። በማግስቱ ዱካ ከተገኘ አጠገቡ ቁልፍ ወይም ሳንቲም አስቀምጣችሁ አንሡት። ከዚያ ለግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ላኩት። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ ልጆቻችሁን አስጽፏቸው፤ ለእነሱም ትምህርት ነው። ከአሥር ፎቶ ዘጠኙ ካዮቲ ወይም የጎረቤት ውሻ ቢሆንም ለባለሙያዎቹ ይጠቅማል፤ እንስሳቱ የት እንዳሉ የሚያውቁት በእንዲህ ዓይነቱ ጥቆማ ነው።

ስልካችሁ ላይ ያነሣችሁት ፎቶ ያላችሁ አሁን ወደ ፊት ኑና አብረን እንየው፤ ጥያቄ ያላችሁም ቀጥሉ።